ያን ጠዋት ዶርም ስመጣ አልነበርሽም

ባሕር ዳር፣ 2018 ዓ.ም.

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? ባለቤትሽ፣ እማማስ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሳንጠያየቅ ሦስት ዓመት ሊሞላን ነው። መጀመሪያ ኢንተርኔቱ ተቋረጠ። ከዚያ “ነገ እደውላለሁ” እያልኩ ቀኑ ሄደ። ቆየት ሲል ደግሞ ማፈር መጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይቅር በይኝ።

የክርስትና ልጅሽ ዩኒቨርሲቲ ገባች። ምደባዋ እዚሁ ባሕር ዳር ወጣላት፣ ፔዳ ግቢ። እኛ ያው አባይ ማዶ ነን። እንግዲህ ከቤት ትመላለስ ወይስ ዶርም ትግባ ስንባባል ሁለት ሳምንት ከረምን። አባቷ “የራሷ ክፍል፣ ትኩስ እንጀራ እያላት ምን አስኬዳት?” ይላል። እውነቱን ነው። ምግብና መኝታ ከግቢ ከወሰደች የወጪ መጋራቱ ዕዳ ይጨምራል። ተመርቃ ከደሞዟ የምትከፍለው ነው። እኛ በ1996 ስንገባ አይደል የተጀመረው? ያን ፎርም ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ ሳይገባን ነው የፈረምነው።

እናቴ ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ “አንቺስ ተመላልሰሽ ተምረሽ የለ፣ ምን ጎደለብሽ?” አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። የጎደለብኝን ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም።

ብስክሌቴን ታስታውሻለሽ? ያቺን አባቴ የገዛልኝን አረንጓዴ ብስክሌት። “የአባይ ማዶዋ መጣች” ትሉኝ የለ? ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከቤት እወጣለሁ። ድልድዩ ላይ ስደርስ ከውሃው ላይ ጭጋግ ይነሳል። ደስ ይል ነበር። ማታ ግን 12 ሰዓት ሳይሞላ ከግቢ መውጣት ነበረብኝ። አባቴ “ከመሸ ጉማሬ ወደ ዳር ይወጣል” ይለኛል። ጉማሬው እውነት ነው። የሚፈራው ግን ጉማሬውን ብቻ እንዳልነበር አሁን ልጅ ወልጄ ገባኝ።

ላይብረሪው ሰው መሙላት ሲጀምር እኔ ድልድዩ ላይ ነኝ። ግሩፕ አሳይመንት የምትሠሩት ከእራት በኋላ ነው። ጠዋት ስመጣ አልቆ ይጠብቀኛል። “ስምሽን አስገብተናል” ትሉኛላችሁ። ለኔ አስባችሁ ነው፣ ግን ቅር ይለኝ ነበር። ምን እንደሚያስቃችሁ ስጠይቅ “ማታ ነው ባክሽ፣ ብታዪ...” ብላችሁ ትጀምሩና ሳትጨርሱት መልሳችሁ ትስቃላችሁ። ሁሉ ነገር ማታ ነበር የሚሆነው።

ያን ጠዋት ግን አልረሳውም። ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርን፣ ጥር ነው። ክፍል ሳንገባ ደብተርሽን ልመልስልሽ ዶርም መጣሁ። በሩ ገርበብ ብሏል። አልጋሽ ላይ ፍራሹ ብቻ ነው ያለው፣ ብርድ ልብሱ የለም። ከሥሩ ነጠላ ጫማሽ፣ አንዱ እግር ተገልብጦ። ፊት ለፊትሽ የምትተኛዋ ልጅ ብቻዋን ተቀምጣለች፣ ዓይኗ አብጧል። “አባቷ አረፉ፣ ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ መርዶ ተነገራት” አለችኝ። ሌሎቹ ገንዘብ አዋጥተው፣ ሁለቱ ደሴ ድረስ ሊያደርሱሽ አብረውሽ ወጥተዋል። እኔ እዚያ ቆሜ ደብተርሽን ይዤ እናንተ ወረታን ሳታልፉ አትቀሩም።

ያን ሌሊት እኔ ከድልድዩ ማዶ ጠግቤ በልቼ፣ ሞቆኝ ተኝቻለሁ። ቤታችን ስልክ የለም፣ ማን ይቀስቅሰኝ? ከሦስት ቀን በኋላ ደሴ ስደርስ አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ አለቀስሽ እንጂ “የት ነበርሽ?” አላልሽኝም። እኔ ግን እስከዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ።

ቤት መኖርን ልረግም አይደለም ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ። ፈተና ሲደርስ፣ ጫጫታው ሲበዛብሽ ደብተርሽን ሰብስበሽ የምትመጪው እኛ ቤት ነበር። እሁድ እሁድ ልብስሽን የምታጥቢው እኛ ግቢ ነው። መጀመሪያ ቀን ቆሮሶ አሳ ተጠብሶ ሲቀርብልሽ እሾኩ ጨንቆሽ ዝም ብለሽ ስታዪው፣ እናቴ አንድ በአንድ እየለቀመች እንደ ሕፃን ስታጎርስሽ ትዝ ይለኛል። እኔም ዶርም ብገባ ኖሮ ያን ጉርሻ ማን ያጎርስሽ ነበር? ይህን ሳስብ ደግሞ መልሼ ግራ ይገባኛል።

ግን አንቺ መምጫ ነበረሽ። ቀኑ ሁሉ የአንቺ፣ ማታውም የአንቺ፣ እሁድ ደግሞ የኛ ቤት። እኔ ማታው አልነበረኝም። የልጄም እንዲያ እንዲሆን አልፈለግሁም። ድልድዩማ በ2016 አዲሱ ተከፍቷል። 380 ሜትር ነው፣ ሰፊ፣ ብታዪው አታውቂውም። ከመሸ በኋላ ባጃጅ ማግኘት ግን ጭንቅ ነው። ከተመላለሰች እንደ እኔው ፀሐይ እያየች ልትወጣ ነው። ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተናው ከ2015 ወዲህ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደል የሚሰጠው? እዚያ አድራ የመጣች ዕለት ስለ ፈተናው ስጠይቃት “እማ፣ ስናወራ ነጋ እኮ!” አለችኝ። ፊቷን ብታዪው። ይህን ለአባቷ ነገርኩት፣ ያን ጠዋትም ጨምሬ። ለሱም ነግሬው አላውቅም ነበር። ትንሽ ዝም አለና “እንግዲያስ ትግባ፣ ቅዳሜና እሁድ ግን ቤት” አለ።

ቅዳሜ ወሰድናት። ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ ጀሪካን፣ የሎከር ቁልፍ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ይዘናል። አንዲት ልጅ ከሰቆጣ መጥታ ቀድማ ገብታለች። ሻንጣዋን ሳትከፍት አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብላ መስኮቱን ታያለች። ልጄ የራሷን አልጋ ሳታነጥፍ የዳቦ ቆሎውን ፌስታል ፈታ በሁለቱ አልጋዎች መሃል ዘረጋችው። እኔ አንሶላ እያጠፍኩ እንዳላየ ሆንኩ። አንቺን አየሁ።

ትናንት ማታ ደወለች። “እማ፣ እሁድ ያቺን ልጅ ላምጣት? አሳ በልታ አታውቅም” አለችኝ። እናቴ ከጎኔ ሆና ሰማቻትና “ታምጣት፣ እሾኩን እኔ አወጣላታለሁ” አለች።

የክርስትና ልጅሽን ደውለሽ እንኳን ደስ አለሽ በያት፣ ትጠብቅሻለች። የኔም ቁጥር ያው የድሮው ነው። ደውይልኝ፣ ሌሊትም ቢሆን።

ያንቺው
የአባይ ማዶዋ