ማር ላኪልኝ እማዬ

እማዬ እንዴት ነሽ፣ ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ የአዳማ ሙቀት ብቻ ነው የቸገረኝ። ባለፈው በስልክ «መንገድ ሥራ ላይ ነው ያልከኝ፣ ማታ ማታ በመብራት ትጫወታለህ አሉ» ብለሽ የሳቅሽብኝን ላስረዳሽ ነው፣ ታናሼ ቀስ ብላ ታንብብልሽ።

ፈረንሳይ ውስጥ ኦጉስታን ፍሬኔል የሚባል እንደኔው የመንገድ ኢንጂነር ነበር። ስምንት ዓመት ሆኖት ማንበብ በቅጡ አይችልም ነበር አሉ (ይቺን ለጎረቤታችን ንገሪልኝ)። በፈረንጆቹ 1815 ናፖሊዮን ሲመለስ ልጁ ከንጉሡ ወገን ቆሞ ከሥራው ተባረረና ፖሊስ እየተከታተለው እናቱ ጋ ማትዩ የምትባል መንደር ገባ፣ እዛ ሆኖ ነው እንግዲህ ብርሃን ምንድነው ብሎ የተነሳው። ያኔ አብዛኛው ሰው ኒውተንን ተከትሎ ብርሃን ጥቃቅን ቅንጣት ነው ነው የሚለው።

ዕቃ ደግሞ የለውም። የመንደሩ ቁልፍ ሠሪ አንዳንድ ነገር ሠራለት፣ ሌንስ ሲያጣ መዳብ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በስቶ ማር ጠብ አደረገባት! ማሯ ፀሐይዋን ሰብስባ የመርፌ ጫፍ ታሳክልለታለች፣ ከፊቷ ቀጭን ሽቦ አቁሞ ጥላውን ያያል። ጥላው ድፍን ጥቁር አይደለም፣ ውስጡ ነጣ ጠቆር ያሉ መስመሮች አሉ። ከዛ በሽቦው አንድ ጎን ብቻ ወረቀት ለጠፈ፣ ሌላው ጎን ክፍት ነው፣ ግን ጥላው ውስጥ ያሉት መስመሮች ድራሻቸው ጠፋ። እኔ እዚህ ጋ ነው ያበድኩት እማዬ። ከሁለቱም ጎን የሚመጣው ብርሃን ሲገናኝ ነው መስመሩ የሚሠራው ማለት ነው፣ ሐይቅ ላይ ሁለት ሞገድ ተገናኝቶ አንዴ ከፍ እንደሚለው አንዴ እንደሚጠፋፋው።

ጽሑፉን ፓሪስ ሲልክ አራጎ የሚባል ሳይንቲስት፣ ያንግ የሚባል እንግሊዛዊ ቀድሞህ ብዙውን ደርሶበታል አለው፣ እሱ እንግሊዝኛ አያነብ። ሌላ ሰው ቢሆን ይተወው ነበር። እሱ ግን ብርሃን ሞገድ ነው ብሎ ሒሳቡን ሠርቶ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ውድድር ሲያቀርብ ከዳኞቹ አንዱ ፖይሶን፣ ይሄ እውነት ከሆነማ የክብ ነገር ጥላ መሃል ላይ ብርሃን ሊታይ ነው ብሎ ሊጥለው ፈለገ። አራጎ ሞከረው፣ የብርሃን ነጥቧ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች። ፍሬኔል በ1819 ሽልማቱን ወሰደ።

እኔ በሌዘርና በፀጉር መስመሮቹን ግድግዳ ላይ አይቻቸዋለሁ፣ ግን በማር ካላየሁ አይወጣልኝም። እዚህ የገዛሁት ድፍርስ ነው። ከአሰላ ለሚመጣ ሰው ከጠራው ፈሳሹን ስጪልኝ፣ የረጋው አይሆንም። አንድ ጠብታ ነው የምፈልገው ግን ግማሽ ኪሎ አድርጊው፣ የተረፈው በዳቦ ያልቃል። ክዳኑን ደግሞ በላስቲክ እሰሪው፣ ያለፈው ቅቤ ልብሴን ሁሉ ነው የጨረሰው።