ለልጄ፦ መኪና ውስጥ የማስጮኻቸው አዳዲስ ዘፈኖች

ሰላም አቡሽዬ፣ እንዴት ከረምክ? ፈተና እንዴት ነው? ምግብ ትበላለህ?

የላክልኝን ዘፈኖች ከላይ እስከ ታች ሰማኋቸው። ግማሹን ወደድኩት፣ ግማሹን ለራስህ ትቼልሃለሁ። "እማዬ፣ አንቺም የምትወጂውን ላኪ" ብለህ የለ? ይኸው። ጠዋት ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ሥራ ስወጣ፣ ቤልትዌዩ፣ ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ተዘጋግቶ መኪናው አንድ ቦታ ሲገተር የማስጮኻቸው እነዚህ ናቸው። ፓንክም አለ፣ ፖፕም አለ፣ መዝሙርም አለ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ስልክሽን ቢያየው ምን ይላል እንዳትለኝ። አይተውታል፣ የሚሉትንም ብለዋል።

በፓንኩ፣ በዚያ ፈጣንና ጯኺ ሮክ፣ ልጀምር። ተርንስታይልን እንደምትወዳቸው አውቃለሁ፣ እኔ ግን "ነቨር ኢናፍ" የሚለው አልበማቸው ጁን 2025 ከወጣ በኋላ ነው የያዙኝ። የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ሲጀምር ኪቦርዱ ብቻ ቀስ ብሎ ይመጣል፣ እኛ ጋ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሊጸልይ ሲል ከጀርባ እንደሚጫወቱት ዓይነት። ከዚያ ጊታሩ ይገባል፣ በቃ አለቀልህ። የባልቲሞር ልጆች መሆናቸው ደግሞ ደስ ይለኛል፣ ጎረቤት ናቸው ማለት ነው። አልበሙ ከመውጣቱ በፊት፣ ሜይ ላይ፣ ዋይማን ፓርክ ዴል የሚባል መናፈሻ ውስጥ በነጻ ተጫውተው ቤት ለሌላቸው ሰዎች ሕክምና ገንዘብ አሰባስበዋል። እኛ ብንሆን መጀመሪያ ኮሚቴ እናቋቁም ነበር፣ ከዚያ የኮሚቴው ሰብሳቢ ማን ይሁን ብለን እንጣላ ነበር።

ሊንዳ ሊንዳስንም አትለፋቸው። አራት የሎስ አንጀለስ ልጆች ናቸው፣ ሁለቱ እህትማማቾች። በ2021 እዚያው ከተማ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሲጫወቱ በተቀረጸው ቪዲዮ ነው ዓለም ያወቃቸው። ከበሮ መቺዋ ያኔ 10 ዓመቷ ነበር። ኮሮና ሊገባ ሲል አንድ የክፍሏ ልጅ "አባቴ ከቻይናዎች ራቅ ብሎኛል" አላት፣ እሷም ቻይናዊ ነኝ ስትለው ወደ ኋላ ሸሸ። "ሬሲስት፣ ሴክሲስት ቦይ" የሚለው ዘፈን ከዚያ ነው የወጣው። ትልቅ ሰው ቢሆን ሦስት ገጽ አቤቱታ ይጽፋል፣ እሷ ከበሮዋን ደበደበች። በ2024 ያወጡት "ኖ ኦብሊጌሽን" ደግሞ የባሰ ይጮኻል፣ ሳህን ሳጥብ እሱን ነው የምከፍተው።

አሁን "ይህ ሁሉ ጩኸት ላንቺ ምንሽ ነው?" ትለኝ ይሆናል። አያትህም ትለኛለች። ባድ ብሬንስን ታውቃቸዋለህ አይደል? አዲስ አይደሉም፣ ግን ሳላነሳቸው ማለፍ አልችልም። እዚሁ ዲሲ ያደጉ አራት ጥቁር ልጆች፣ መጀመሪያ ጃዝ ፊውዥን፣ ጃዝን ከሮክ የሚቀላቅለውን፣ ይጫወቱ ነበር፣ በኋላ ከማንም በላይ የሚፈጥን ፓንክ ይዘው መጡ። በ1982 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው በካሴት ነበር። ሽፋኑን እየው፤ የኮንግረሱ ጉልላት ላይ መብረቅ ይወርዳል፣ ቀለሙ ደግሞ የእኛው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ራስታዎች ናቸውና። ስለ ጃንሆይ የሚሉትን በተመለከተ የእኔን አቋም ታውቃለህ፣ እሱን እንለፈው።

እኔን የያዘኝ ግን የካሴቱ ድምፅ ነው። በዚያው ዘመን አገር ቤት ደርግ ስንቱን የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ዘግቶ ነበር። መዝሙር ከካሴት ካሴት እየተቀዳ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ደጋግሞ ሲቀዳ ድምፁ እየሟሸሸ፣ መሣሪያው እየራቀ፣ ከበስተጀርባው ሽሽ የሚል ነገር እየበዛ ይመጣል፣ አንተ ሎፋይ የምትለው መሰለኝ። እኛ በዚያ ድምፅ ነው ያደግነው። ዘማሪው ተስፋዬ ጋቢሶ እምነቴን አልክድም ብሎ ሰባት ዓመት ታስሯል፣ መዝሙሮቹ ግን በየቤቱ ነበሩ። ስለዚህ አንድ ሰው በተበላሸ ድምፅ መቅጃ፣ በሙሉ ሳንባው፣ ማንም ሳይፈቅድለት ሲጮኽ ስሰማ ጆሮዬ አይሸሽም። ድሮም ለምዶታል። ዘፈን ስመርጥም የማየው ይህንኑ ነው። ዘፋኙን የሆነ ነገር ሳያስከፍለው የወጣ ዘፈን ቶሎ ይሰለቸኛል።

ይህ ሕግ "አፓት" ላይ አይሠራም። የኮሪያዋ ዘፋኝ ሮዜ ከብሩኖ ማርስ ጋር የሠራችው፣ የ2024ቱ። እሱ ምንም አያስከፍልም፣ ዝም ብሎ ያስጨፍራል፣ አንዴ ከገባ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላት አይወጣም። ሥራ ቦታ ሳንጎራጉረው ሰምተውኝ ስቀውብኛል። ይሳቁ።

ከፖፑ በደንብ እንድትሰማው የምፈልገው የአቤልን ነው፣ የዘ ዊኬንድን። በጃንዋሪ 2025 ያወጣው "ሃሪ አፕ ቱሞሮ" 22 ዘፈን አለው፣ ሁሉን አልወደድኩትም፣ አንዳንዱን ከአያትህ ጋር ሆነህ አትክፈተው። መጨረሻው አካባቢ ግን "ሬድ ቴረር" የሚል አለ። ቀይ ሽብር። ርዕሱን ሳየው መኪናውን ዳር አቆምኩ። የዓለም ትልቅ ፖፕ ዘፋኝ፣ ካናዳ ስካርቦሮ ውስጥ በእናቱና በአያቱ እጅ ያደገ ልጅ፣ ስሙ የማይጠራውን የእኛን ቁስል አንስቶ አልበሙ ውስጥ አስገባው። የሚሰማው እናት ለልጇ የምትናገረው ሆኖ ነው። "ዘ ሂልስ" መጨረሻ ላይ በአማርኛ ሲያቆላምጥ ያኔ ሁላችንም ጨፍረናል፣ ይኼኛው ግን ሌላ ነው፣ አያስጨፍርም።

በእኛ አቆጣጠር 1969 መንግሥቱ አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞሉ ጠርሙሶች እየሰበረ ሲፎክር እኔ ገና ሕፃን ነበርኩ። አያትህ ግን ትልቅ ሰው ነበረች። እስከ ዛሬ፣ እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ፣ የዚያን ጊዜ ነገር ከተነሳ መጀመሪያ ሬዲዮ ታስከፍታለች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ጎረቤቶቻችን ደግሞ ከኤልሳልቫዶር ናቸው፣ አማርኛ አይሰሙም። አንተ ልጅ ሆነህ "እማማ ለምን ታንሾካሹካለች?" ትለኝ ነበር፣ እኔም አድበስብሼ አልፍህ ነበር። እሱን ዘፈን ስማና ጥያቄ ካለህ ደውልልኝ፣ አሁን ልንነጋገርበት እንችላለን። እሷንም ልትጠይቃት ትችላለህ፣ ሬዲዮው ይከፈት ብቻ።

ወደ መዝሙሩ ልምጣ። "ሃርድ ፎት ሃሌሉያ" የብራንደን ሌክ ነው። መጀመሪያ ብቻውን አወጣው፣ በ2025 ደግሞ ከጄሊ ሮል ጋር ደገመው። ጄሊ ሮልን ታውቀዋለህ፣ ፊቱ በንቅሳት የተሞላው፣ ከልጅነቱ ጀምሮ እስር ቤት ሲመላለስ የነበረው። የእኛ ሽማግሌዎች ይህን ሰው መድረክ ላይ ቢያዩት ምን እንደሚሉ መገመት አያቅትህም። ለእኔ ግን መዝሙሩን ያሳመረው እሱ ነው። ብራንደን ሌክ በሚያምር ድምፅ "ታግዬ ነው እዚህ የደረስኩት" ዓይነት ነገር ሲል አምነዋለሁ፤ ጄሊ ሮል በሻካራ ድምፁ ሲገባበት ግን ማመን አለማመን የሚባል ነገር አይመጣም፣ ሰውዬው እንደታገለ ይሰማል። እሁድ ሁላችንም ለብሰን፣ ተቀባብተን፣ እጅ እያነሳን "ሃሌሉያ" እንላለን፤ የመዘመሪያው ጊዜ ካለቀ በኋላ ግን ስንቱ ሰው መኪናው ውስጥ ተቀምጦ እንደሚያለቅስ እኔ አውቃለሁ። ይህ መዝሙር ለእነሱ ነው።

ቀለል ያለ ከፈለግህ ፎረስት ፍራንክ አለ። "ዩር ዌይስ ቤተር"ን የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አብደውበታል። ሰውዬው በ2025 ክረምት ከስኬትቦርድ ወድቆ የጀርባ አጥንቱ ተሰበረ፣ በተኛበት ሆኖ "ጋድስ ጋት ማይ ባክ" የሚል ዘፈን ሠርቶ ወዲያው ለቀቀ። ጎበዝ ነው። አንተ ግን ያንን ስኬትቦርድህን ለሰው ስጥ፣ ዘፈን አያስፈልገኝም።

የአገር ቤቶቹን አዳዲስ መዝሙሮች ለብቻ እልክልሃለሁ፣ እነ ሊሊን፣ እነ ዳዊት ጌታቸውን። እነሱን በሩጫ መስማት ደስ አይለኝም።

ኮንሰርት ስትሄድ ለጆሮህ የሚደፈነውን ነገር ያዝ። ገንዘብ ካነሰህ ንገረኝ፣ እንደ ባለፈው አትደብቀኝ። ቀጣዩን ዝርዝርም ቶሎ ላክ፣ ግን ፓንክ ሆኖ ከሦስት ደቂቃ የሚበልጥ እንዳትልክልኝ፣ ያ ማታለል ነው።

እናትህ