ለአባባ፦ ስለ ቲሞር ሳንቲሞች

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? መድኃኒትዎን በሰዓቱ እንደሚወስዱ እማዬ ነግራኛለች፤ ደስ ብሎኛል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

እዚህ ሜልቦርን አብሮኝ የሚሠራ የምሥራቅ ቲሞር ልጅ አለ። ዕድሜዎን ሙሉ ባንክ ቤት ገንዘብ ያዥ እንደነበሩ ሳጫውተው የአገሩን ሳንቲሞች አመጣልኝ። «ለአባትህ ላክለት» አለኝ።

ቲሞር ከአውስትራሊያ በስተሰሜን ያለች ደሴት ናት። ምሥራቋን ፖርቹጋል ለብዙ ዘመን ገዝታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1975 ኢንዶኔዥያ ወረረቻት። ነፃ አገር የሆነችው በ2002 ነው። እስካሁን የራሷ የወረቀት ገንዘብ የላትም፤ በአሜሪካ ዶላር ነው የምትገበያየው። ሳንቲሙን ግን በ2003 የራሷ አደረገችው። 100 ሴንታቮ አንድ ዶላር ነው። የሚገርመው፣ ያስመታችው ሊዝበን፣ በድሮ ገዢዋ ከተማ ነው።

እርስዎ ሳንቲም ሲደረድሩ አንበሳውን ሁሉ ወደ ላይ ያዞሩት ነበር። በእነዚህኞቹ ላይ አንበሳም ንጉሥም የለም። በ1 ሴንታቮው ላይ ናውቲለስ የሚባል ባለ ዛጎል የባሕር እንስሳ አለ። በ5ቱ ላይ ሩዝ፣ በ25ቱ ላይ ባለ ሸራ ጀልባ። በ10ሩ ላይ አውራ ዶሮ ቆሟል። እዚያ አገር ዶሮ ማዋጋት ትልቅ ነገር ነው አሉ፤ ሰውዬው ዶሮውን እንደ ልጁ ታቅፎ ይሄዳል። አንድ ሴንታቮ ምን ይገዛል? ምንም። እነሱ ግን ለእሷም ተጨንቀው ሥዕል መርጠውላታል። ይሄ ልቤን ነካው።

50ው ላይ ያለው ቡና ነው፣ አባባ! ቅጠሉና ፍሬው ከነቅርንጫፉ። ፖርቹጋሎች ተክለውት ዛሬ የአገሪቱ ዋና የውጭ ንግድ ሰብል ሆኗል። አረቢካው መነሻው የእኛው ጫካ ነው። እዚያ ደሴት ላይ ሮቡስታ ከሚባለው ሌላ የቡና ዓይነት ጋር በራሱ ጊዜ ተዳቅሎ፣ የቅጠል ዝገት በሽታን የሚቋቋም ዝርያ ወጣው። በዓለም ላይ ያሉ የቡና ተመራማሪዎች ከዚያ ዝርያ ብዙ አዳዲስ ቡናዎች አውጥተዋል። የእኛ 5 ብር ላይ ያለው ቡና ለቃሚ ትዝ አለኝ።

ሰው ያለበትም ሳንቲም አለ፤ ባለ 100ው። ዶም ቦአቬንቱራ ይባላል፣ የማኑፋሂ ባላባት። ፖርቹጋሎች የነፍስ ወከፍ ግብር ሲጨምሩ ሕዝቡን ይዞ በ1911 ሸፈተ። በዓመቱ ተሸነፈ። አገሩ ግን አልረሳውም፤ ልክ በመቶ ዓመቱ፣ በ2012፣ ሳንቲም ላይ አወጣው። የተሸነፈን ሰው እንዲህ የሚያከብር ሕዝብ አኮራኝ፤ አገሬ ባይሆንም።

ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ፣ ሁሉንም በእሱ እልካለሁ። የቡናውን ለብቻው ጠቅልዬዋለሁ፤ እሱ የእማዬ ነው። ሲደርስዎ መነጽርዎን አድርገው የዶሮውን ጭራ ይዩልኝና፣ የቅርጹን ሥራ እንዴት እንዳገኙት ይደውሉልኝ።

ልጅዎ