የእንስሳት እንክብካቤ ክበብ፦ ጥንቸሎቻችንና የበጠጥ ደብተሩ

መስከረም ላይ ሥራ ስንጀምር ሦስት ጥንቸሎች ነበሩን፤ ጥጥ፣ ሻሼ እና ቡላ። ስም ያወጡላቸው ልጆቹ ናቸው። ቤታቸውን ከኒሙ ዛፍ ሥር ሠራንላቸው። ለድሬዳዋ ፀሐይ ከዚያ የተሻለ ጥላ ግቢያችን ውስጥ የለም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የግብዣ ነበሩ ማለት ይቻላል። ልጆቹ ከምሳ ዕቃቸው ዳቦ ይቆርሱላቸዋል። ብስኩት፣ ሙዝ፣ ካሮት ያመጣሉ። አንዱ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ገራባ፣ የጫት ትራፊ፣ በፌስታል ሞልቶ መጣ። ፍየል እየበላው ጥንቸል ምን ትሆናለች ብሎ ነው። ጫት ላይ የሚረጨው ኬሚካል ስለሚያሰጋኝ ገራባውን መለስኩት። ዳቦውን ግን ዝም አልኩ። ጉዳቱን እኔም አላውቅም ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ጥጥን ጥግ ይዛ ኩርምት ብላ አገኘናት። ካሮት አፏ ድረስ ብናቀርብላት ፊቷን አዞረች። ጥርሷን ታፋጫለች። ሥሯ አንድም በጠጥ የለም። የእንስሳት ሐኪም ጠራን። ሆዷን በጣቱ ዳሰሰ፣ በማዳመጫው ቆይቶ አዳመጠና «አንጀቷ ቆሟል» አለን። ፈሳሽ ከቆዳዋ ሥር ሰጣት፣ የሕመም ማስታገሻም ወጋት።

ከዚያ ልጆቹን ሰብስቦ አስረዳቸው። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም። የበላችው ወደፊት ካልሄደ ሌላ መውጫ የለውም። አንጀቷን የሚያንቀሳቅሰው ደግሞ የሣር አሰር ነው። ዳቦና ጣፋጭ ሲበዛባት ዕውር አንጀቷ (ትልቁ አንጀት መነሻ ላይ ያለው ከረጢት) ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን ሚዛናቸው ይዛባል፣ ጋዝ ይሞላታል። ሲያማት መብላት ትተዋለች። አለመብላቷ አንጀቷን ይብስ ያቆመዋል። ስለዚህ ጥንቸል ግማሽ ቀን ሳትበላና በጠጥ ሳትጥል ከቆየች ነገ እናያለን አይባልም፤ ያኔውኑ ሐኪም ነው።

ያን ሌሊት ጥጥን በካርቶን ይዣት ቤቴ ገባሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በስልኬ መብራት ሳያት ካርቶኑ ውስጥ ሦስት በጠጥ አለ። ከሽንብራ ያነሱ፣ ደረቅ ያሉ፣ ሁለቱ በራሷ ፀጉር እንደ መቁጠሪያ የተያያዙ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ለልጆቹ ስነግራቸው አጨበጨቡ። እኔም ከልቤ አጨበጨብኩ።

ከዚያ በኋላ ምግባቸውን ቀየርን። በአንድ ቀን ግን አይደለም፤ ድንገተኛ ለውጥም አንጀት ያውካል። አሥር ቀን ያህል ወሰደብን። ዳቦና ብስኩት ጨርሶ ቀረ። ከሚበሉት ከመቶ ሰማንያው እጅ ድርቆሽ ሆነ፤ ቀንም ሌሊትም ከፊታቸው አይጠፋም። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ስለሚያድግ ድርቆሽ ማኘኩ ለዚያም ይበጃቸዋል። ጠዋት ጠዋት አንድ እፍኝ ቅጠል እንጨምራለን፤ የድንብላል ቅጠል፣ በሶብላ፣ ሰላጣ። ካሮት በሳምንት ሁለት ቀን፣ ያውም በአውራ ጣት ጥፍር ልክ። ልጆቹ ድርቆሽ ሳይገዙ በፊት ማሽተት ለምደዋል። የሻገተ ከሸተታቸው ነጋዴው ቢቀንስላቸውም አይወስዱም።

በጣም የምኮራበት የበጠጥ ደብተሩን ነው። በየጠዋቱ ሁለት ተረኞች ቤቱን ከመጥረጋቸው በፊት ያያሉ፤ ብዙ ነው? ትንሽ? መጠኑስ? አንዱን በእንጨት ፈርከስ ያደርጉታል። ጤነኛው ደረቅና ክብ ነው፤ ውስጡ የተፈጨ ሣር ይታያል። ሲያንስ፣ ሲጠቁር ወይም ሲላላ ይጽፋሉ፣ ለእኔም ይነግሩኛል። መጀመሪያ አፍንጫቸውን ይዘው የሚሸሹት ልጆች ዛሬ ከእኔ ቀድመው ችግር ያያሉ።

አንድ ቀን ሻሼ አጎንብሳ ከራሷ ሥር የሆነ ነገር ስትበላ አይተው ታመመች ብለው እየሮጡ መጡ። አልታመመችም። ጥንቸል ከዕውር አንጀቷ የሚወጣ፣ እንደ ወይን ዘለላ የተያያዘ ለስላሳ በጠጥ አላት። ፕሮቲንና ቫይታሚን ስላለው መልሳ ትበላዋለች፤ መብላትም አለባት። ሳትበላው ፀጉሯ ላይ ተለጥፎ ሲገኝ ነው ምግቧን መመርመር ያለብን። ብዙ ጊዜ ጣፋጭ ወይም እህል በዝቶባት ነው።

ቡላን በፋሲካ ዕረፍት አጣናት። ግቢ ውስጥ የነበሩ ሰዎች አዝነውላት በቆሎና የድፎ ዳቦ ሰጥተዋት ነበር። ስንመለስ ሆዷ ተነፍቶ አገኘናት፤ ሐኪሙ ሳይደርስ ሞተች። እነሱ ክፉ አላሰቡም። ምን እንደሚሰጣትና ምን እንደማይሰጣት ጽፌ መተው የነበረብኝ እኔ ነኝ። ልጆቹ ከኒሙ አጠገብ ቀበሯት። በማግስቱ የስምንተኛ ክፍሎቹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ ማስታወቂያ ጽፈው በሩ ላይ ሰቀሉ፦ «ዳቦ፣ በቆሎ፣ ብስኩት አትስጡን። ድርቆሽና ውኃ ይበቃናል።»

ግንቦት ሲገባ ሙቀቱ ሌላ ፈተና ሆነ። ጥንቸል አታልብም፤ ሲሞቃት መብላት ትቀንሳለች፣ አንጀቷም ይዘገያል። ልጆቹ በየተራ በሃይላንድ ውኃ አስበርደው፣ በጨርቅ ጠቅልለው አጠገባቸው ያስቀምጡላቸው ነበር። ጥጥ ጎኗን አስደግፋው ትተኛለች። ውኃቸውን በቀን ሦስት ጊዜ ቀየርን፣ ቅጠሉንም እያራስን ሰጠን።

የክረምቱ ተረኞች ዝርዝር ከማስታወቂያው ጎን ተለጥፏል። ድርቆሹ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ያደርሰናል። ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ የደረቀና ያልሻገተ ሣር ያላችሁ ወላጆች ብታመጡልን በደስታ እንቀበላለን። ደብተሩ ጥበቃው ክፍል መስኮት ላይ ነው፤ ስትመጡ ከፍታችሁ አንብቡት።