ቴፑን ከመቀየራችን በፊት ለምን እንመረምራለን? ለፒካፕ ባለቤት ደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰላምታችን ካላችሁበት ይድረሳችሁ። ሥራው፣ መንገዱ፣ ዝናቡ እንዴት ይዟችኋል?

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ጅማ በሚገኘው የመኪና ቴፕና ኤሌክትሪክ ጥገና ሱቃችን ሁለት ነገር ስለወሰንን ነው። የማንኛውንም የቆየ ፒካፕ ቴፕ ሳንመረምር አንቀይርም። የመኪናውን ኦሪጅናል ሶኬትም ቆርጠን አዲስ ቴፕ አንገጥምም። በዚህ ውሳኔ አንዳንዶቻችሁ ቅር እንደተሰኛችሁ እናውቃለን። «አዲሱን ገዝቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ ዝም ብላችሁ ግጠሙልኝ» ያላችሁን አልረሳንም። ጅማ መርካቶ ጭነት አራግፎ ሳይመሽ አጋሮ ወይም ሊሙ ገነት ለመግባት ለሚቸኩል ሰው ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው። እናም ግማሽ ሰዓታችሁን ለምን እንደምንወስድ ልንነግራችሁ ይገባል።

ባለፈው ክረምት አንድ ደንበኛችን ከሰቃ መጣ። መኪናው ሂሉክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 ይመረት የነበረው ዓይነት። ቴፑ ይበራል፣ ቁጥሩም ይታያል፣ ድምፅ ግን የለም። አዲስ ቴፕ ከነካርቶኑ ይዟል። እኛም ለመፍታት ተዘጋጅተን ሳለ የሾፌሩን በር ስንከፍት ስፒከሩ አንዴ «ጭጭ» ብሎ ዝም አለ። በበሩና በአካሉ መካከል ሽቦ የሚያልፍባትን ጥቁር ጎማ አወጣናት። ሽቦውን በጣት ስንዳብሰው አንድ ቦታ ላይ እንደ ክር ልስልስ ይላል። ላዩ ፕላስቲክ ደህና ነው። ውስጡ ግን መዳቡ ተበጣጥሷል፣ የቀረውም አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ከተበጠሱት ጫፎች አንዱ ፕላስቲኩን ወግቶ ወጥቶ የበሩን ቆርቆሮ ይነካ ነበር። ብዙ ቴፖች የስፒከር ሽቦ የመኪናውን አካል ሲነካባቸው ራሳቸውን ለማዳን ድምፁን በሙሉ ይዘጋሉ። የአንድ በር ሽቦ ሁለቱንም ስፒከር ያፈነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ክንድ የማይሞላ ሽቦ ቀየርንለት። የድሮው ቴፕ ተናገረ። አዲሱን ወስዶ ለገዛበት ሱቅ መለሰ።

የጭነት ፒካፕ በር በቀን ስንቴ እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ሽቦው በዚያ ሁሉ ልክ ይታጠፋል። በዚያ ላይ የጅማ ዝናብ አለ። የፊት መስታወቱ ጎማ ሲያረጅ ውሃው በዳሽቦርዱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይወርድና ቴፑ ጀርባ ላይ ያለውን ሶኬት ያዝገዋል። ከላይ አይታይም። አዲስ ቴፕ በዛገ ሶኬት ላይ ብንሰካ ችግሩ እዚያው ይጠብቃችኋል፤ ገንዘባችሁ ግን ሄዷል።

ስንመረምር የምናየው ይህን ነው። ባትሪው ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተር ሲነሳ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4 መስጠት አለበት። ከዚያ ወደ ቴፑ የሚመጡትን ሁለት ኤሌክትሪኮች እንለካለን። አንደኛው ሁልጊዜ ያለ ነው፤ ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን የሚያስታውሰው እሱ ነው። ሌላኛው በቁልፍ ብቻ ይመጣል። መኪና ባጠፋችሁ ቁጥር ጣቢያው የሚጠፋባችሁ ከሆነ ቋሚው አልደረሰም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንዲት የተቃጠለች ፊውዝ አያልፍም። ስፒከሩን ደግሞ በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለአፍታ ነካ እናደርገዋለን። «ጧ» ካለ ነፍስ አለው። ሬዲዮው ብቻ እያንሾካሾከ የሚያስቸግር ከሆነ ወደ አንቴናው እንሄዳለን፤ ከሥሩ ዝጎ የሚገኘው ጥቂት አይደለም። ሞተር ሲፋጠን አብሮ የሚጮህ «ዊይይ» የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ የምንፈትሸው ኔጌቲቩን፣ ማለትም ከመኪናው አካል ጋር የሚታሰረውን ሽቦ ነው።

አሁን ወደ ሶኬቱ እንምጣ። በዚህ ላይ ትንሽ ረዘም አድርገን ብንጽፍ አትቀየሙን፤ ብዙ ቴፕ ሲቃጠል ያየነው እዚህ ላይ ነው።

ከሱቅ የምትገዙት ቴፕ ይዞት የሚመጣው ሽቦ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቀለም አለው። ቢጫው ቋሚ ኤሌክትሪክ፣ ቀዩ በቁልፍ የሚመጣው፣ ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ነጩ የፊት ግራ፣ ግራጫው የፊት ቀኝ ስፒከር ነው፤ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ የኋላ። ይህን ብዙ ሰው በቃሉ ያውቀዋል። ችግሩ ቶዮታ ላይ ነው። የቶዮታ ኦሪጅናል ሶኬት ሁለት ነው፤ አንዱ ባለ 10 እግር፣ ሌላው ባለ 6። በእነዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ የኋላ ስፒከር ሽቦዎች ናቸው። ቋሚው ኤሌክትሪክ ሰማያዊ ሆኖ ቢጫ መስመር አለው። ኔጌቲቩ ቡናማ ነው። በቁልፍ የሚመጣው ደግሞ ግራጫ።

እንግዲህ አንድ ሰው ሶኬቱን ቆርጦ ቀለም ከቀለም ቢያገናኝ ምን እንደሚሆን አስቡት። ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር፣ ግራጫ ከግራጫ። ቁልፉ ሲዞር 12 ቮልቱ በመኪናው ግራጫ በኩል ይመጣና በአዲሱ ቴፕ የስፒከር መውጫ ይገባል። ድምፅ ማውጫ በሆነው በር ኤሌክትሪክ ሲገባበት የማጉያው አይሲ፣ ማለትም ድምፅ የሚያጎላው ቺፕ፣ ይቃጠላል። ቴፑ ካርቶኑ ሳይጣል ሞተ ማለት ነው። ሻጩም «ተቃጥሎ መጣ» ብሎ አይቀበላችሁም።

ስለዚህ አዳፕተር ሶኬት እንጠቀማለን። በአንድ ወገን በመኪናው ሶኬት ላይ ይሰካል፣ በሌላ ወገን ከአዲሱ ቴፕ ጋር ይያያዛል። የመኪናው ሽቦ አይነካም። ቀለሙን ብናውቀውም እያንዳንዱን እግር በቴስተር እንለካለን፤ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል፣ ከእኛ በፊትም ማን እጁን እንዳስገባበት አይታወቅም። አዳፕተር በሌለበት ጊዜ የድሮውን ቴፕ ሶኬት ከራሱ ከቴፑ ላይ አውጥተን እንጠቀምበታለን። ሽቦውን በጥርስ ልጦ፣ ጠምዝዞ፣ ናስትሮ መጠቅለል ደግሞ ከቤታችን ወጥቷል። ፀሐይ የመታው ዳሽቦርድ ውስጥ የናስትሮው ማጣበቂያ ይቀልጣል፤ ከዚያ መንገዱ እያንቀጠቀጠ ይፈታዋል። እኛ እንበይደዋለን፤ ላዩ ላይ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ እናለብሰዋለን።

እኛም ሥራ ስንጀምር ሶኬት እንቆርጥ ነበር። ስህተት ነበር። ከዓመታት በኋላ እነዚያው መኪኖች ሲመለሱና ናስትሮ በናስትሮ ላይ ተደራርቦ የቱ ሽቦ የት እንደሚሄድ ሲጠፋን ነው የገባን። እኛ የቆረጥንባችሁ ካላችሁ መኪናውን አምጡት። ሶኬቱን ያለ ክፍያ መልሰን እንሠራላችኋለን።

መጠገን ይሻላል ወይስ መቀየር? ይህን በየቀኑ ትጠይቁናላችሁ። መልሳችን በመኪናው ሳይሆን በምትሰሙት ነገር ላይ የተመሠረተ ነው።

አንድ የደዶ አባት ነበሩ። በፌስታል ሙሉ ካሴት ይዘው መጡ። አብዛኛው መንዙማ ነው፤ አንዳንዱ በሠርግና በሌላ ዝግጅት ላይ በእጅ ቴፕ የተቀዳ፣ ሌላ ቦታ የማይገኝ። «ልጆቼ አዲስ ግዛ ይሉኛል። አዲሱ ይህን ያጫውታል ወይ?» አሉን። አያጫውትም። ስለዚህ የድሮውን ከፈትነው። ካሴቱን የምታዞረው ቀጭን የላስቲክ ቀበቶ ቀልጣ እንደ ማስቲካ ተጣብቃለች። ክሩን የምትስበው ትንሽ ጎማም ደርቃ ትንሸራተታለች። ካሴት «ይበላል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በእነዚህ ሁለቱ ነው። ቀበቶዋን ቀየርን። ጎማዋን አጸዳን። አልኮል በነካ ጥጥ ክሩን የሚያነበውን ክፍል ስንጠርገው ጥጡ ቡናማ ሆነ፤ ከብዙ ዓመት ካሴት ላይ የተራገፈ ብናኝ ነው። የመጀመሪያውን ካሴት ስናስገባ አባታችን እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ አድርገው ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብለው እስከ መጨረሻው ሰሙት። እኛም ሥራ አቁመን አብረን ሰማን።

እንዲህ ያለ ካሴት ያላችሁ ሰዎች ቴፑን አትጣሉት፤ አስጠግኑት። ካሴቱንም ወደ ፍላሽ አስገልብጡት። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃውን ሙሉ መጫወት አለበት፣ ስለዚህ ትታችሁልን መሄድ ይኖርባችኋል። ክር ግን በየዓመቱ ይደክማል። ሳይረፍድ ይሁን።

ካሴት የሌለው ሰው ግን ካሴት ማጫወቻ ለማስጠገን ገንዘብ ማውጣት የለበትም። ሲዲ የሚያነበው ሌዘሩ ደክሞ ከሆነም እንዲሁ። ሬዲዮው ደህና ሆኖ የምትፈልጉት የስልክ ዘፈን ብቻ ከሆነ ደግሞ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካው ትንሿ ብሉቱዝ ትበቃችኋለች። ድምፁን በኤፍኤም ወደ ሬዲዮው ትልካለችና ጣቢያ የሌለበትን ቁጥር ምረጡላት፣ ጨረሳችሁ። እኛ ከዚህ ብዙም አናተርፍም፤ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

መቀየር ካለበት፣ ከመግዛታችሁ በፊት አማክሩን። መጠኑ መጀመሪያ ነው። ተራው ቴፕ ፊቱ 180 በ50 ሚሊ ሜትር ነው። ትልቁ፣ ስክሪን ያለው፣ 180 በ100 ነው። ቶዮታ ደግሞ የራሱ ሰፊ አለው፣ 200 በ100። የብዙ ቆየት ያሉ ፒካፖች ቀዳዳ ትንሹን ብቻ ይይዛል። ለስክሪን ተብሎ ዳሽቦርድ በመጋዝ ሲቆረጥ ማየት ያመናል። ከጀርባው የአየር ማሞቂያው ቱቦና ሽቦ አለ፤ የተቆረጠ ዳሽቦርድም አይመለስም። ይህን ሥራ አንሠራም።

ካርቶኑ ላይ «50 ዋት በ4» ሲባል አትታለሉ። እሱ ሲደመር 200 ዋት ማለት ነው። ለዚያ በ12 ቮልት ከ16 አምፒር በላይ ያስፈልጋል። ከቴፑ ጀርባ ያለችውን ፊውዝ ተመልከቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ወይም 15 ትላለች። በእርግጥ ሳይቆራረጥ የሚሰጠው በአንድ ስፒከር ከ15 እስከ 20 ዋት ገደማ ነው። ለጋቢና ደግሞ ይበቃል። ድምፁ የሚያስጠላው ቴፑ ደካማ ሆኖ ሳይሆን የስፒከሩ ወረቀት በፀሐይ ደርቆ ስለተቀደደ ሊሆን ይችላል። ሁለት ደህና ስፒከር ከአንድ ውድ ቴፕ ይሻላል ብንላችሁ እመኑን።

ከጃፓን መኪና ላይ የወረደ ያገለገለ ቴፕ የምትገዙ ከሆነ ኤፍኤሙን ጠይቁ። የጃፓን ሬዲዮ ለረጅም ጊዜ የተሠራው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። እኛ አገር ከ87.5 እስከ 108 ነው። አዲስ አበባ ስትገቡ ሸገርን በ102.1 ብትፈልጉ ቁጥሩ ራሱ የለም። በአንቴናው መስመር ላይ የሚገባ መቀየሪያ አለ፤ 20 ሜጋኸርዝ የሚቀንስ ከሆነ 102.1 በስክሪኑ 82.1 ላይ ይገኛል። ይሠራል፣ ግን ቁጥሩን መልመድ ይጠይቃል። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቴፕ ግን በርካሽም ቢሆን አንገዛም፣ አንገጥምም። የአንዱ ደንበኛችን መስታወት ተሰብሮ የተወሰደ ሊሆን ይችላል።

አይሱዙም ያላችሁ አንድ ነገር አትርሱ። የፒካፑ 12 ቮልት ነው፤ የብዙ የጭነት አይሱዙዎች ግን 24። ከፒካፕ አውርዳችሁ በቀጥታ እዚያ አትስቀሉት፤ ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ያስፈልገዋል።

ጠዋት ጠዋት ባትሪ ወርዶ የሚያስገፋችሁ ከሆነም ቴፑን ጠርጥሩ። በደንብ የተገጠመ ቴፕ ጠፍቶ ሳለ የሚወስደው ጥቂት ሚሊ አምፒር ነው። ቋሚውና በቁልፍ የሚመጣው ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ታስረው ከሆነ ግን ቁልፍ ቢወጣም አይተኛም። ግማሽ አምፒር ብቻ ቢስብ እንኳ 70 አምፒር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሦስት ቀን እኩሌታው ይሄዳል። ዲዝል ሞተር ደግሞ በእኩሌታ ባትሪ ለመነሳት ይለግማል። ይህን ለመለካት አምስት ደቂቃ አይፈጅብንም፤ ማንም ቢገጥመው አምጡትና እናየዋለን።

ስትመጡ የድሮውን ቴፕ፣ ፍሬሙንና ብሎኖቹን አምጡ፤ ቤት ውስጥ መሳቢያ ጥግ የተጣለች አንዲት የብረት ማሰሪያ ብዙ ሥራ ታቀልልናለች። ጠዋት ብትመጡ ይሻላል። የገበያ ቀን ወረፋ ስላለ ቀድማችሁ ደውሉልን። የምርመራው ሂሳብ ሥራው እኛ ጋ ከተሠራ ከጠቅላላው ላይ ይቀነሳል። ከወረደው ላይ የምትፈልጉትን ሁሉ፣ የተቃጠለችውንም ፊውዝ ቢሆን፣ በላስቲክ አድርገን እንመልስላችኋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የመኪና ቴፕና ኤሌክትሪክ ጥገና ቤታችሁ
ጅማ