ወንድሜ አልተከሰሰም፤ «ወንጀለኛ» የሚለው ጽሑፋችሁ ግን ዛሬም አልተነሳም

ለክፍለ ከተማችን ፖሊስ መምሪያ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ

ክቡር ኮማንደር፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው በቢሮ በኩል ያቀረብኩት አቤቱታ ሁሉ መልስ ስላጣ ነው። መዝገብ ቤቱ ማመልከቻዬን ተቀብሎ ቁጥር ሰጠኝ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። መርማሪው «የለጠፈው ሕዝብ ግንኙነት ነው» ይለኛል፤ የእርስዎ ቢሮ «እኛ የምናወጣው መርማሪ የሰጠንን ነው» ይለኛል። ሁለታችሁም እጃችሁን ያነሳችሁበት ጽሑፍ ግን በፌስቡክ ገጻችሁ ላይ እንዳለ ነው፦ «የሞባይል ስርቆት ወንጀለኞች በቁጥጥር ስር ዋሉ» ይላል። ከሥሩ የወንድሜ ፎቶ አለ፤ ስሙም ከነአባቱ ተጽፏል።

ፎቶውን እርስዎ ረስተውት ይሆናል። ወጣቶቹን ግድግዳ አስደግፋችሁ አሰልፋችኋቸዋል። ከፊታቸው ጠረጴዛ ላይ ስልኮች ተደርድረዋል፤ ጀርባቸው ተከፍቶ ባትሪያቸው የሚታይም አለ። ከግራ ሁለተኛው ወንድሜ ነው። የሥራ ሽርጡን እንደለበሰ ነው፤ ካቻቢቴው ከደረት ኪሱ ብቅ ብሏል። ሞባይል ጠጋኝ ነው። አንድ ደንበኛ መስታወቱ የተሰበረ ስልክ አምጥቶ እንዲቀይርለት ሰጠው፤ ስልኩ የተሰረቀ ሆኖ ተገኘ። የሆነው ይኸው ነው። የንግድ ፈቃዱንም፣ ስልኩን ሲቀበል የቆረጠውን ደረሰኝ ቀሪም ለመርማሪው አሳይቷል። የተሰረቀ ዕቃ መቀበል ወንጀል የሚሆነው ተቀባዩ እያወቀ ወይም ማወቅ እየተገባው ሲቀበል እንደሆነ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ዐቃቤ ሕግም ማስረጃውን መርምሮ «አያስከስስም» ብሎ መዝገቡን ዘግቷል።

እናንተ ግን ክስ ሳይመሠረት ፈርዳችሁ ጨርሳችሁ ነበር።

ክቡር ኮማንደር፣ ሕገ መንግሥቱ ሰዎችን የሚጠራበት ቅደም ተከተል አለው። አንቀጽ 19 ስለ ተያዙ ሰዎች ይናገራል፤ አንቀጽ 20 ስለ ተከሰሱ ሰዎች፤ አንቀጽ 21 በጥበቃ ሥር ስላሉና በፍርድ ስለታሰሩ ሰዎች። ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በሕግ በተወሰነ ሂደት ነው። አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 ደግሞ የተከሰሰ ሰው እንኳ በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ወንድሜ አንቀጽ 20 ላይ እንኳ አልደረሰም። ተይዞ ተለቀቀ። ታዲያ «ወንጀለኛ» የሚለውን ስም ማን ሰጠው? ይህን ስም የመስጠት ሥልጣን የፍርድ ቤት ነው፤ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሥልጣን ሆኖ አያውቅም። በ1949 የወጣው ሕግ «የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ» ይባል ነበር፤ በ1996 የወጣው «የወንጀል ሕግ» ተብሏል። ሕጉ ከርዕሱ ላይ ያነሳውን ስያሜ እናንተ ባልተከሰሰ ልጅ ፎቶ ላይ ትለጥፋላችሁ።

ኢትዮጵያ ከ1985 ጀምሮ የምትገዛበት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በአንቀጽ 14 ይህንኑ መብት ያስከብራል። ቃል ኪዳኑን የሚከታተለው ኮሚቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ባወጣው ማብራሪያ፣ የመንግሥት አካላት የአንድን ሰው ጥፋተኝነት የሚያረጋግጥ መግለጫ በአደባባይ ከመስጠት እንዲቆጠቡ በግልጽ ጽፏል። በሥልጠና ላይ የምትሰሙት ነገር ስለሆነ አላስረዝመውም።

በዚያው ጽሑፍ ላይ «ሕገ ወጥ የጥገና ሱቆች» የሚልም አለ። የትኛው ሕግ ነው ሕገ ወጥ ያደረጋቸው? የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 2 ሕግ ወንጀል ያላለውን ድርጊት ፍርድ ቤት እንኳ እንደ ወንጀል እንዳይቆጥረው ይከለክላል። ለዳኛ ያልተፈቀደው ነገር ገጻችሁን ለሚያዘጋጀው ባለሙያ ተፈቅዷል ማለት ነው? አዲስ ክልከላ ካለ በአዋጅ፣ በደንብ ወይም በመመሪያ ይውጣና ጠጋኞቹ አንብበው ይታዘዙ። ግብር እየከፈለ ፈቃዱን በየዓመቱ የሚያሳድስን ሰው በአንድ ቅጽል ሕገ ወጥ ማድረግ ግን በደል ነው።

በደሉ ቤታችን ምን እንዳደረገ ልንገርዎ። ከፎቶው ሥር «እጃቸው ይቆረጥ» ብለው የጻፉ አሉ። እናታችን ማንበብ አትችልም፤ የጎረቤት ልጅ አነበበላት። ከዚያ ወዲህ እድር ስትሄድ ከሰው ራቅ ብላ ትቀመጣለች። የሱቁ አከራይ ወንድሜን አስወጣው። ሌላ ቦታ ተቀጥሮ ለመሥራት ሲጠይቅ ከወንጀል ነጻ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ ተባለ። አሻራ ሰጥቶ፣ የፖሊስ ማኅተም ያረፈበትን ወረቀት ይዞ ሄደ። ቀጣሪው ወረቀቱን ተቀብሎ ስሙን በስልኩ ፈለገና የእናንተን ገጽ አሳየው። ፖሊስ በማኅተም ነጻ ነው ያለውን ሰው ፖሊስ በገጹ ወንጀለኛ ይለዋል፤ ያመኑት ገጹን ነው።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የተፈረደበት ሰው እንኳ ቅጣቱን ከፈጸመ በኋላ ጊዜ አልፎ፣ መልካም ጠባይ አሳይቶ ፍርዱ እንዲሰረዝለት የሚጠይቅበት መንገድ በወንጀል ሕጉ አለ። ያልተከሰሰው ወንድሜ የሚያመለክትበት በር አጥቷል።

ሌባ አይያዝ አላልኩም። ስልክ ተነጥቃ ያለቀሰች እህት እኔም አለችኝ። «ሕዝቡ ንብረቱን እንዲለይ ነው» የሚለውን መልሳችሁንም ሰምቻለሁ። ንብረት ለመለየት የስልኮቹ ፎቶና መለያ ቁጥር ይበቃል፤ የልጆቹ ፊት ለዚህ ምንም አይጨምርም።

ስለዚህ ፎቶውንና ጽሑፉን አንሱ። ዐቃቤ ሕግ መዝገቡን መዝጋቱን በዚያው ገጽ፣ የመጀመሪያው ጽሑፍ በወጣበት ልክ አውጡ። ከእንግዲህ ያልተፈረደበትን ሰው «ተጠርጣሪ» በሉ፤ ፊቱንም አታሳዩ። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ከላይ የሚመጣ ትእዛዝም አያስፈልገውም። መልሱን በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

የአካባቢው ነዋሪና የተበዳዩ እህት

ግልባጭ፦
ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም