የድጋፍ ጥሪ፦ የላሊበላን የአፍ ታሪክ በድምፅ እንቅረጽ

ጤና ይስጥልን ወገኖች። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው።

ላሊበላን ያየ ሰው ቤተ ጊዮርጊስ ያለውን የፈረስ ኮቴ ምልክት ሳያይ አይመለስም። ብታልፉት እንኳ አስጎብኚው ጎትቶ ያሳያችኋል። ንጉሡ አብያተ ክርስቲያናቱን አስፈልፍሎ ሲጨርስ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ መጣና "የኔስ የታል?" አለው፤ ንጉሡም ደንግጦ ከሁሉ ያማረውን ላንተ እሠራለሁ ብሎ ቃል ገባ ይባላል። ኮቴው የዚያ ፈረስ ነው። አንዱ ተራኪ ተቆጥቶ ነው የመጣው ይላችኋል። ሌላው ደግሞ የለም፣ ሥራው ተጀምሮ ሊቆጣጠር ነው የመጣው ብሎ ይከራከራል። ይሄ ክርክር ነው እኛን የያዘን።

ቤተ ጎልጎታ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ውስጡ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሰው የሚያክሉ ቅዱሳን ከዚያው ከአለቱ ተቀርጸው ቆመዋል። በአብያተ ክርስቲያናችን ሥዕል እንጂ እንዲህ ያለ የድንጋይ ምስል ብዙም አልተለመደም። የንጉሡ መቃብርም እዚያው እንደሆነ ይታመናል። እኔ ሴት ስለሆንኩ ጎልጎታ አልገባም፤ ሥርዓቱ ነው፣ ቅሬታ የለኝም። ፎቷቸውን ሳይ ግን የመቃብሩ ዘበኞች ይመስሉኛል። ታሪካቸውን መስማት ደግሞ ለማንም አልተከለከለም፣ ችግሩ የሚሰማበት ቦታ አለመኖሩ ነው። ካህኑ ፊት ለፊት ቆመህ ካልጠየቅኸው የለም።

ሌላም ሞልቷል። ቀን ሰው ሲፈለፍል ውሎ ሌሊት መላእክት ይቀጥሉ ነበር፣ ጠዋት ሲመጡ ሥራው ካቆሙት አልፎ ይገኝ ነበር የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ቤተ አባ ሊባኖስን ንግሥት መስቀል ክብራ በመላእክት እርዳታ በአንድ ሌሊት አሠራችው የሚለውንስ ስንቶቻችን እናውቃለን? ቤተ ማርያም ውስጥ ተሸፍኖ ያለው ዓምድስ? ያለፈውም የሚመጣውም ተጽፎበታል ይባላል፣ ማንም ገልጦ አያየውም።

ለድንጋዩ ቢያንስ የሚጮህለት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የዓለም ቅርስ ነው፣ ከዝናብ የሚከልል መጠለያም ተሠርቶለታል (መጠለያው ራሱ ስጋት ሆኖ ስንት እንደተባለበት ታውቃላችሁ፣ አሁን እሱ ውስጥ አልገባም)። ገድሉም ዋናውን ታሪክ ጽፎ ይዞታል፤ ንጉሡ መርዝ ጠጥቶ ሰማይ መውጣቱ፣ ሕንፃዎቹን እዚያ ማየቱ፣ ሁሉም አለ። አፍ ለአፍ የሚነገረው ግን ያለው በሽማግሌዎቹ አፍ ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ እያረጁ ነው። በኮሮናና በጦርነቱ ጊዜ እንግዳ ሲጠፋ ሲያስጎበኙ የነበሩት ወጣቶችም ኑሮ ገፍቷቸው ወደ ሌላ ሥራ ሄደዋል። ከአባቶች ሰምቶ ለሌላው የሚያወራው ሰንሰለት እዚያ ላይ ነው የሳሳው።

እኛ ጥቂት በጎ ፈቃደኞች ነን። ያሰብነው ካህናቱንና የላስታን ሽማግሌዎች፣ ሴቶቹንም (እናቶች የሚያወሩት ከካህናቱ ይለያል፣ እመኑኝ) በድምፅ ቀርጸን በጽሑፍ መገልበጥ ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ለድምፅ መቅረጫ፣ ለማይክ፣ ለሃርድ ዲስክ፣ ለትራንስፖርትና ለገልባጮች ክፍያ ነው። ጊዜያቸውን ለሚሰጡን ሽማግሌዎችም ትንሽ አበል እንይዛለን፤ ሰውን ግማሽ ቀን አስቀምጦ አስወርቶ "እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ ብሎ መሄድ ነውር ነው። ከኛ ማንም ደሞዝ አይወስድም። የተቀረጸው አይሸጥም። አንድ ቅጂ ለገዳሙ አስተዳደር፣ አንድ ቅጂ ለከተማው ትምህርት ቤቶች እንሰጣለን፣ ቀሪው ማንም እንዲያዳምጠው በነጻ ይለቀቃል። ተራኪው ይሄ አይውጣ ያለው ነገር ካለ አይወጣም፣ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

አቅማችሁ የፈቀደውን አዋጡ። 100 ብርም ብትሆን አትናቁ። ሂሳቡ የሚንቀሳቀሰው በሦስት ሰው ፊርማ ነው፣ ደረሰኝ በየወሩ እንለጥፋለን። ቁጥሩን በውስጥ መስመር ጠይቁን፤ ሌላ ቦታ ላይ በኛ ስም የተለጠፈ ቁጥር ካያችሁ የኛ አይደለምና እንዳትልኩ። ውጭ ያላችሁ ደግሞ የማትጠቀሙበት መቅረጫ ወይም ደህና ስልክ ካላችሁ በሚመጣ ሰው ላኩልን፣ ከብሩ እኩል ይጠቅመናል።

ገንዘብ የሌለው ሰውም አይቅር። አያታችሁ ወይም አክስታችሁ ላስታ ተወልደው ያደጉ ከሆነ ቡና ላይ ስልካችሁን አስቀምጡና አስወሯቸው። ገና በዓል ላሊበላ ለቤዛ ኩሉ ዝማሬ ስለሄዱበት ጊዜ ብትጠይቋቸው ሌላው ራሱ ይመጣል። ፈቃዳቸውን መጠየቅ አትርሱ። ደግሞ እባካችሁ መሃል ላይ ገብታችሁ "እሱማ እንደዚያ አይደለም" ብላችሁ አታርሟቸው፤ የሚለያየውን ነው የምንፈልገው።